ምርመራ ከለውጥ ይቅደም

ሐኪም የታመመውን ሰው ሳይመረምር መድኃኒት ቢሰጥ፣ ዳኛም ምስክር ሳይሰማ ቢፈርድ፣ ሁለቱም ሥራቸውን እንደ በደሉ የሚክድ ሰው አይገኝም። ምናልባት ዕድል ቀንቶ በሽተኛው ቢድን፣ ወይም ፍርዱ ከእውነት ጋር ቢገጥም እንኳ፣ የተገኘው መልካም ነገር የአጋጣሚ ሥራ ነው እንጂ የዕውቀት ሥራ አይባልም። ይህ ነገር በሰው ሕመምና በሰው ክርክር ላይ ሲሆን ሁሉም ይረዳዋል፤ በመኪና ሕመም ላይ ሲሆን ግን ከብዙ ሰው ልብ ይጠፋል። ሞተሩ ያቆራረጠ እንደ ሆነ «ኮይሉ ተቃጥሏል» ይባልና ኮይል ይገዛል፤ ያም ያልበጀ እንደ ሆነ «እንግዲያስ ኮምፒውተሩ ነው» ይባልና ከመኪናው ዕቃ ሁሉ እጅግ ውድ ከሆኑት አንዱ ይለወጣል፤ ከዚያም በኋላ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ማቆራረጡን ይቀጥላል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ጊዜው አልፏል፤ የሕመሙ ምክንያት ግን ገና አልታወቀም።

ይህ ጉዳይ የመካኒኮች ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ፒክ አፕ የሚባለው መኪና በኢትዮጵያ የመንግሥት ሥራ እግር ነው። ክትባትን ወደ ጤና ኬላ፣ ምርጥ ዘርን ወደ ገበሬው፣ የፈተና ወረቀትን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እርሱ ነው። ገዳማትና አድባራትም ምእመናን ባዋጡት ገንዘብ በተገዛ ፒክ አፕ እህልና ንዋየ ቅድሳት ያመላልሱበታል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወቃል። ውሳኔው የዘመኑ ጉዞ ወዴት እንደ ሆነ ያሳያል፤ ነገር ግን ቀድሞ የገቡት የነዳጅ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ማገልገል አለባቸው። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና በዕውቀት መጠገን ለሕዝብ ገንዘብ ከመጠንቀቅ ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የዕቃዎቹን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ በሲሊንደር ውስጥ ያምቅና በእሳት ብልጭታ ያነደዋል። ብልጭታውን የሚሰጠው ካንዴላ ነው፤ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው ደግሞ ኮይል ነው። የባትሪው ኃይል 12 ቮልት ያህል ብቻ ስለ ሆነ በታመቀ አየር መካከል ብልጭታ ለማዝለል ፈጽሞ አይበቃም። ኮይል በአንድ የብረት ልብ ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች አሉት፤ አንደኛው ወፍራምና ጥቂት መቶ ዙር ያለው፣ ሁለተኛው እንደ ፀጉር የቀጠነና ብዙ ሺህ ዙር ያለው ነው። በወፍራሙ ሽቦ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በድንገት የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ በብረቱ ዙሪያ የነበረው የማግኔት ኃይል ይፈርስና በቀጭኑ ሽቦ ላይ 20,000 ቮልት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ኃይል ይወልዳል። የዚህን ሕግ መሠረት እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. አገኘው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜም ሞተሩን ያነደደው በዚሁ ሕግ የሚወለድ ብልጭታ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ብልጭታውን የሚያዝዘው ነው። ቀድሞ አንድ ኮይል ለሲሊንደሮቹ ሁሉ ያገለግል ነበር፤ ብልጭታውንም በየተራ የሚያከፋፍለው ከሞተሩ ጋር የሚዞር መሣሪያ ነበር። በዛሬዎቹ ሞተሮች ግን በእያንዳንዱ ካንዴላ ራስ ላይ የራሱ ኮይል ይቀመጣል፤ የብልጭታውንም ሰዓት የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የሞተሩን አዟዟር፣ የሚገባውን አየር ብዛትና የውሃውን ሙቀት ሴንሰር ከሚባሉት መሣሪያዎች እየተቀበለ ለእያንዳንዱ ኮይል በየተራው ትእዛዝ ይሰጣል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በየሴኮንዱ 100 ብልጭታ ያስፈልገዋል። ይህን ያህል ፈጣን ሥራ በዓይንና በጆሮ ብቻ ተመልክቶ «ጥፋቱ የዚህ ነው» ብሎ መፍረድ ድፍረት እንጂ ዕውቀት አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በየመሥሪያ ቤቱ ካሉት ፒክ አፖች ብዙዎቹ በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው፤ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያነደው በእመቃ ሙቀት ስለ ሆነ የማንደጃ ኮይል የለውም። እንግዲህ በናፍጣ ለሚሠራ መኪና የማንደጃ ኮይል እንዲገዛ የሚጠይቅ ማስታወሻ ወደ አንድ ሹም ቢቀርብ፣ ሹሙ ምንም መካኒክ ባይሆን ነገሩን በዚህ ብቻ ሊያውቀው ይችላል። እዚህ የተነገረው በቤንዚን ስለሚሠሩት ነው፤ ለምሳሌ 2.7 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለው ቶዮታ ሂሉክስ በአራቱ ሲሊንደሮቹ ላይ አራት ኮይል አለው።

ሞተሩ በታመመ ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱ ምስክርነት ይሰጣል። በአሜሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መመርመሪያ መሰኪያና አንድ ዓይነት የጥፋት ቁጥር እንዲኖራቸው በሕግ ታዝዟል፤ ሌሎችም አገሮች ይህንኑ ተከትለዋል። በመሰኪያው ላይ ስካነር የሚባለው መሣሪያ ሲሰካ ቁጥር ይወጣል። ፒ 0303 የሚለው ቁጥር የወጣ እንደ ሆነ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚገባ አልነደደም ማለት ነው። ፒ 0353 የወጣ እንደ ሆነ በሦስተኛው ኮይል መስመር ላይ ጉድለት አለ ማለት ነው። ፒ 0300 የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ አለመንደዱ በአንድ ሲሊንደር ብቻ ያልተወሰነ ነው ማለት ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ምስክሩ «ሦስተኛው ሲሊንደር አልነደደም» አለ እንጂ ስለ ምን እንዳልነደደ አልተናገረም። «በኮይሉ መስመር ጉድለት አለ» የሚለውም ቢሆን መስመሩን ያመለክታል እንጂ ኮይሉን ብቻ አይከስም። የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ቃል አንድም፣ አንድም እያሉ እንደሚተረጉሙት፣ ይህም ቁጥር ብዙ ትርጓሜ አለው። አንድም ኮይሉ ደክሞ ነው፤ አንድም ካንዴላው አልቆ ነው፤ አንድም ቤንዚኑን የሚረጨው ኢንጀክተር ተደፍኖ ነው፤ አንድም ቫልቩ በደንብ አልዘጋ ብሎ እመቃው ጠፍቶ ነው፤ አንድም ሽቦው በአይጥ ተበልቶ ወይም ስፒናው ዝጎ ነው፤ አንድም ኮምፒውተሩ ትእዛዝ መስጠት ትቶ ነው። ነገር ግን በትርጓሜ ቤት ትርጓሜዎቹ ሁሉ አብረው ሊጸኑ ይችላሉ፤ በጋራዥ ቤት ግን እውነተኛው ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የቀሩት በፈተና አንድ በአንድ መሻር አለባቸው። ይህን ሳያደርጉ ዕቃ መለወጥ፣ ቀድሞ ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ነው ብሎ ከመያዝ የሚሻል አይደለም።

የምርመራው ሥርዓት ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ዋጋው ከረከሰው ወደ ተወደደው መሄድ ነው። በመጀመሪያ የሚመረመረው ባትሪው ነው። ጤናማ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል፣ ሞተሩ ሲሠራና ሲሞላ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር ኃይሉ ከ10 ቮልት በታች እጅግ የወረደ እንደ ሆነ ኮምፒውተሩ ሊደናገር ወይም ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ወይም የገመዱ ሆኖ ሳለ ወቀሳው በኮምፒውተሩ ላይ ያርፋል። ሁለተኛ የሚመረመረው ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ መኪናው አካል የሚታሰረው ገመድ ነው። ገመዱ ለዓይን ደኅና መስሎ ሳለ ማሰሪያው የዛገ እንደ ሆነ ብዙ ዓይነት ሐሰተኛ ሕመም ያመጣል። መፈተኛውም ቀላል ነው፤ ሞተሩ እየሠራ መብራቱም በርቶ ሳለ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሁለተኛው ጫፍ በሞተሩ ብረት ላይ ሲያርፍ ከ0.2 ቮልት የሚበልጥ ነገር መታየት የለበትም። ከዚህ የበለጠ ከታየ ማሰሪያውን መፍታት፣ መጥረግና አጥብቆ ማሰር ነው፤ ለዚህም የሚገዛ ዕቃ የለም።

ቀጥሎ ኮይሉን መፈተን ይመጣል። ለዚህ የሚበልጠው ፈተና ከሁሉ የቀለለውም ነው፤ ይኸውም ቦታ ማለዋወጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉም ተነቅሎ ሳለ የሦስተኛው ሲሊንደር ኮይል ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውም ወደ ሦስተኛው ይዛወራል። የጥፋቱ ቁጥር ከተደመሰሰ በኋላ መኪናው እንደገና ይነዳል። አሁን ፒ 0301 የወጣ እንደ ሆነ ሕመሙ ከኮይሉ ጋር ስለ ሄደ ኮይሉ በደለኛ ነው። ፒ 0303 ዳግመኛ የወጣ እንደ ሆነ ግን ሕመሙ በቦታው ስለ ቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ ካንዴላው በዚሁ ዓይነት ይለዋወጣል። ኮይሉንና ካንዴላውን በአንድ ጊዜ ያዛወረ ሰው ግን ሕመሙ ቢዛወር እንኳ ከሁለቱ የትኛው እንደ በደለ አያውቅም። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መፍቻና ስካነር ብቻ ነው፤ ጊዜውም ለአንድ ኮይል ከአንድ ሰዓት የሚበልጥ አይደለም።

ኮይሉ በደለኛ ሆኖ በተገኘ ጊዜም «ስለ ምን ሞተ» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የካንዴላ ጫፍ እያለቀ ሲሄድ ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ይሰፋል፤ ክፍተቱ በሰፋ መጠን ኮይሉ የሚያወጣው ቮልት እየበዛ ይሄድና መከላከያው ተበስቶ ይቃጠላል። እንግዲህ ካንዴላውን ትቶ ኮይሉን ብቻ የለወጠ ሰው ለአዲሱ ኮይል የሞት ቀን ቆርጦለት ሄደ ማለት ነው። እንዲሁም በሞተሩ ራስ ላይ ካለው መክደኛ የሚፈስስ ዘይት ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ገብቶ የኮይሉን ጎማ ያበላሻል። ሞተርን በኃይለኛ ውሃ ማጠብም ውሃውን ወደዚያው ጉድጓድ ያስገባዋል፤ ከእጥበት በኋላ ማቆራረጥ የጀመረ ሞተር ከሆነ አስቀድሞ ኮይሎቹን አውጥቶ ጉድጓዶቹን ማድረቅ ነው። ደግሞም ሲቀዘቅዝ ጤነኛ፣ ሲሞቅ በሽተኛ የሚሆን ኮይል አለ፤ ጧት ተፈትኖ ያለፈውን ኮይል ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ከጋለ ዳግመኛ መፈተን ያስፈልጋል።

በሂሉክሱ ኮይል ላይ አራት ሽቦዎች ይገባሉ። አንዱ 12 ቮልት ያመጣል፤ ሁለተኛው ኔጋቲቭ ነው፤ ሦስተኛው የኮምፒውተሩን ትእዛዝ ያደርሳል፤ አራተኛው «ትእዛዙ ተፈጽሟል» የሚለውን መልስ ለኮምፒውተሩ ይመልሳል። ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው መሣሪያ በኮይሉ ውስጥ ስለ ተሠራ፣ የሽቦውን ተቃውሞ በቴስተር ለክቶ «ደኅና ነው» ማለት በዚህ ዓይነት ኮይል ላይ እምነት አይጣልበትም፤ የሚፈለገው አራቱ ሽቦዎች ሥራቸውን መፈጸማቸው ነው። ደግሞ አራቱም ኮይሎች በአንድ ቅጽበት ሥራ ያቆሙ እንደ ሆነ አስተዋይ ሰው አራት ኮይል አይገዛም። አራት ሰዎች በአንድ ማዕድ በልተው በአንድ ሌሊት ቢታመሙ የሚመረመረው ማዕዱ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በዚህም የሚመረመረው አራቱ የሚጋሩት ነገር ነው፤ ይኸውም ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ኔጋቲቩና የሞተሩን አዟዟር የሚያመለክተው ሴንሰር ነው።

ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ምክንያቱ ያልተገኘ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ምርመራው ወደ ኮምፒውተሩ ይደርሳል። ኮምፒውተር ሞቷል የሚያሰኙ ምልክቶች አሉ፤ ቁልፉ ሲከፈት የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት ሳይበራ ይቀራል፤ ስካነሩም ቢሰካ የሚመልስለት አያገኝም። ነገር ግን ኃይል ያልደረሰው ኮምፒውተርና የሞተ ኮምፒውተር በመልክ አንድ ናቸው። ስለዚህ ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባው 12 ቮልትና ኔጋቲቩ በራሱ በስፒናው ላይ መለካት አለበት። ዳግመኛም ኮምፒውተሩ ለብዙ ሴንሰሮች የሚያካፍለው 5 ቮልት አለ፤ ከሴንሰሮቹ አንዱ በውስጡ ተገናኝቶ የተበላሸ እንደ ሆነ ይህን ኃይል ጎትቶ ይጥለውና ኮምፒውተሩ ሳይሞት የሞተ ያስመስለዋል። መፍትሔው ሴንሰሮቹን ከስፒናቸው አንድ በአንድ እየነቀሉ 5 ቮልቱ የሚመለስበትን መጠበቅ ነው። ከዚህ በኋላ ኃይሉም፣ ኔጋቲቩም፣ የአዟዟሩም ምልክት ደርሶት፣ ሽቦውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ለሦስቱ ኮይሎች ትእዛዝ እየሰጠ ለአራተኛው ፈጽሞ የማይሰጥ ቢሆን፣ ያን ጊዜ በማስረጃ ተፈርዶበታል። ከዚያ አስቀድሞ የተፈረደበት ሁሉ ያለ ምስክር የተፈረደበት ነው።

የተፈረደበትም ኮምፒውተር ቢሆን ገዳዩ ሳይታወቅ መተካት የለበትም። በአሜሪካ አገር በብዛት በሚነዳው በፎርድ ኤፍ 150 ላይ ባለፉት ዓመታት በተሠሩት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች፣ የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው መሣሪያ የሚገኘው በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አንድ ኮይል በውስጡ የተገናኘ እንደ ሆነ ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያልፍና ያን መሣሪያ ያቃጥለዋል። ኮይሉን ሳይመረምር አዲስ ኮምፒውተር የገጠመ ሰው አዲሱንም በዚያው እሳት ላይ ጣለው። በመኪናው አካል ላይ ብየዳ ሲሠራም የባትሪውን ገመድ አስቀድሞ አለመፍታት ኮምፒውተሩን ሊጎዳው ይችላል። በብዙ መኪናዎች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ የመኪናውን ቁልፍ ስለሚያውቅ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ኮምፒውተር ቁልፉ ካልተመዘገበለት ሞተሩን አያስነሣም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ደኅናውን ዕቃ «ይህም ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል።

ለሰውም ለመኪናውም የሚያስፈልግ ጥንቃቄ አለ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ኮይሉን ከካንዴላው ላይ እየነቀሉ ብልጭታውን መመልከት የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን መውጫ ያጣው ከፍተኛ ቮልት ኮይሉን ወይም ኮምፒውተሩን ያበላሻል፤ የሠራተኛውንም እጅ ይመታል፤ በአጠገቡ የቤንዚን ትነት ካለም እሳት ያስነሣል። ለዚህ የተሠራ የብልጭታ መፈተኛ አለና በእርሱ መጠቀም ይገባል። ማስጠንቀቂያው መብራት ብልጭ ድርግም ሲል መንዳትም ጉዳት አለው፤ ያልነደደው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ በዚያ ስለሚነድ፣ ያለው መኪና እንደ ሆነ ጭሱን የሚያጠራውን ክፍል ያቀልጠዋል። ሾፌሩ መብራቱን አይቶ ቢቆም ጉዳቱ በአንድ ኮይል ይቀር ነበር፤ «እስከ ከተማ ልድረስበት» ብሎ ቢነዳ ግን ሁለት ዕቃ ይጠፋል።

በዚህ ሁሉ ላይ «መኪናው ለሥራ በአስቸኳይ ይፈለጋል፤ ምርመራ ጊዜ ይወስዳል» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። የተቻኮለ ሰው ግን አፍሶ ይለቅማል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ወረዳ ጤና መሥሪያ ቤት ፒክ አፕ ቢያቆራርጥና ያለ ምርመራ ኮምፒውተር እንዲገዛለት ቢወሰን፣ የግዥው ጥያቄ ይጻፋል፤ የዋጋ ማቅረቢያ ይሰበሰባል፤ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ዕቃው ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነም ወራት ይቈጠራሉ። መኪናው በግቢ ቆሞ ሳለ ክትባቱን የሚጠብቁት ሕፃናት የሚጠብቁት ኮምፒውተሩን ሳይሆን መርማሪውን ነበር። ምርመራው ቢደረግና ጥፋቱ የአንድ ገመድ ዝገት ሆኖ ቢገኝ፣ ጧት የቆመው መኪና ከሰዓት በኋላ መንገዱን በያዘ ነበር። እንግዲህ ጊዜ የሚበላው መመርመሩ አይደለም፤ አለመመርመሩ ነው።

የነገሩ ሥር ግን ከጋራዡ ይልቅ በመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። መሥሪያ ቤት ሂሳብ ሲከፍል የሚከፍለው ለተለወጠ ዕቃና ዕቃውን ለመግጠም ለዋለው ጉልበት ነው። ሁለት ሰዓት መርምሮ «የሚለወጥ ዕቃ የለም፤ ገመዱን አጥብቄአለሁ» የሚል መካኒክ የሚያቀርበው ደረሰኝ ትንሽ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም «ምን ሠራህና» ተብሎ የሚከፈለው ያጣል። ያለ ምርመራ ኮምፒውተር ለውጦ ትልቅ ደረሰኝ ያመጣው ግን ዕቃው በዓይን ስለሚታይ ያለ ክርክር ይከፈለዋል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ዐዋቂው ይከስራል፤ ገማቹ ይጠቀማል። ዕውቀት የማይከፈለው በሆነበት አገር ዕውቀት ይጠፋል፤ ከጠፋም በኋላ «መካኒክ የለም» ብሎ ማማረር ፍርድ አይደለም። በመካኒኩ ላይ ብቻ ጣትን መቀሰር ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ነው።

ስለዚህ መኪና የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ሁሉ ሊያዝዙት የሚገባቸው ነገር ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ምርመራ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ዋጋ ይቈረጥለት፤ የሚለወጥ ዕቃ ባይገኝም ይከፈል። ሁለተኛ፣ የኮምፒውተር ግዥ ጥያቄ በቀረበ ጊዜ የምርመራ ወረቀት አብሮ ይቅረብ፤ በወረቀቱም ላይ የባትሪው ቮልት፣ የኔጋቲቩ ልክ፣ የወጣው የጥፋት ቁጥር፣ ኮይልና ካንዴላ ተለዋውጠው የታየው ውጤት፣ በኮምፒውተሩ ስፒና ላይ የተለካው ኃይልና ሳይመጣ የቀረው ትእዛዝ ይጻፍ። እነዚህን ለመጻፍ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ያልተሠራ ምርመራ ግን በአንድ ገጽም ቢሆን ለመጻፍ ያስቸግራል። ሦስተኛ፣ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ወደ ንብረት ክፍል ይመለስ። አራተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን ዕቃ ፈትቶ መግጠም ብቻ ሳይሆን ለክቶ መፍረድን ያስተምሩት፤ ለፈተናም ጥፋቱ የተሰወረ ሞተር ይሰጠውና ምክንያቱን በማስረጃ እንዲያስረዳ ይጠየቅ።

ገዳማትንና አድባራትን የሚያስተዳድሩ አባቶችም ይህን ሥርዓት ቢይዙት መልካም ነው። የቤተ ክርስቲያን መኪና የተገዛው ከመበለቲቱ መቀነት በወጣ ገንዘብ ጭምር ነውና፣ በግምት የሚጠፋው ብር ባለቤት የሌለው ገንዘብ አይደለም። የንስሐ አባት የሰውን ነገር እስከ መጨረሻው ሳይሰማ ቀኖና አይሰጥም፤ መጽሐፍ የሚያርም ሊቅም ከሌላ ቅጂ ጋር ሳያስተያይ አንዲት ፊደል አይፍቅም። በቤተ ክህነት ለዘመናት የኖረው ይህ ጥንቃቄ በጋራዥ በር ላይ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ኮይል ይለወጥ፤ የተቃጠለ ነውና። ኮምፒውተርም ይለወጥ፤ በእውነት የሞተ እንደ ሆነ። ዕቃ መለወጥ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ የሚነቀፈው ሳያውቁ መለወጥ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለሸንጎ ብቻ የተነገረ አይደለም። ነገ አንድ ሹም «ኮምፒውተር ይገዛ» የሚል ጽሑፍ በጠረጴዛው ላይ ባገኘ ጊዜ ከመፈረሙ በፊት «በምን ታወቀ» ብሎ ቢጠይቅ፣ ይህች አንዲት ጥያቄ የመንግሥትን ገንዘብ ትጠብቃለች፤ ዐዋቂውንም መካኒክ ታስከብራለች፤ የቆመውንም መኪና ወደ ሥራው ትመልሳለች።